አንድ ስልክ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው

በዚያ ጠዋት ግቢው ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ አስቀምጣለሁ። ስም አልጽፍም። የሰው ስም በጥንቃቄ መዝግቤ ምን እንዳስከተልኩ ከታች ይነበባል፤ ስለዚህ ሰዎቹን በሥራቸውና በተቀመጡበት ቦታ ብቻ እጠራቸዋለሁ።

የአካል ጉዳተኞች ማኅበራችን ሰብሳቢ ከኒሙ ዛፍ ሥር ነበሩ። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። እግሮቻቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አይታዘዙላቸውም። የሚንቀሳቀሱት ኩሽኔታ በተገጠመለት ጣውላ ላይ ተቀምጠው፣ መሬቱን በሁለት እንጨቶች እየገፉ ነው። ያን ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው የአንገቱን ቁልፍ ሳይቀር ቆልፈውታል።

ከእሳቸው በስተቀኝ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ልብስ ሰፊዋ ተቀምጣለች። የመለኪያ ሜትሯ እንደ ወትሮው አንገቷ ላይ ነው። ከኋላዋ ባሏ ቆሟል፤ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ እግሩ ሥር አንድ ሻንጣ አለ።

በሩ አጠገብ ማማ ነበረች። ማማ ከግቢያችን በር ላይ የሞባይል ካርድ፣ ሳሙናና ብስኩት የምትሸጥ ሴት ናት። ፓስተሩ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ሰላም ይላል። ከመንግሥት ቢሮ የመጣችው ባለሙያ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጥላ ፍለጋ ግድግዳውን ተጠግታለች።

ከአባባና ከልብስ ሰፊዋ ሌላ አሥራ ሰባት የማኅበሩ አባላት ነበሩ። ስድስቱ ከቤተ ክርስቲያን በተዋስነው አግዳሚ ላይ፣ አምስቱ ሰሌን ላይ፣ ሦስቱ ከቢሯችን ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሁለቱ ከማማ ሱቅ ደጃፍ። ስደምራቸው አሥራ ስድስት ይሆናሉ። ደጋግሜ ደምሬያለሁ፤ አሥራ ስድስት ናቸው። ስለ አሥራ ሰባተኛዋ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

እኔ የግቢውን በር በሁለት እጄ ከፍቼ ይዤ ነበር። ከዚያ የጭነት መኪናው ገባ፤ በውስጡ ሾፌሩና ረዳቱ አሉ። በቃ፣ ይህ ነው ሁሉም ሰው።

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ግማሽ ስክሪኑ የማይታይ አሮጌ ላፕቶፕ አግኝቼ፣ በሚታየው ግማሽ ላይ መስኮቱን እየጎተትኩ ነው የለመድኩት። ወደ ማኅበሩም የመጣሁት ፕሪንተር ልጠግን ነው። ፕሪንተሩ አልተሠራም፣ እኔ ግን ቀረሁ። ብዙ አልናገርም፤ የተባለውን እጽፋለሁ። ደብተሬ ውስጥ የስብሰባው ቀን ብቻ ሳይሆን መብራት የጠፋበት ሰዓትም ይገኛል። አባባ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ "ይሄ ልጅ አይሳሳትም" ይሉ ነበር። እኔም ይህን ሲሉ መስማት እወድ ነበር።

አንድ ቀን የመንግሥት ቢሮው የከተማችንን ትንንሽ ማኅበራት ለሥልጠና ጠራ። መንግሥት ለበጎ አድራጎት ማኅበራት የቴክኖሎጂ አገልግሎት በነጻ ሊሰጥ ነው ተባልን። ኢሜይል፣ ድረ ገጽ፣ የሰነድ ማስቀመጫ ነበረበት። እኛን ያስደነቀን ግን የተረጂዎች መመዝገቢያው ነው። አካል ጉዳተኛው ከነልኩ ይመዘገባል፣ ጥያቄው በቀጥታ አዲስ አበባ ወዳለው የዊልቸር መሥሪያ ይደርሳል፣ እዚያ በልኩ ተሠርቶ ይላክለታል። እኛ ደግሞ እስከዚያ ድረስ የምንጠይቀው በደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ይሄዳል፣ እኛም የላክንበትን ቀን ደብተር ላይ እንጽፋለን፣ በዚያው ያልቃል።

ጋምቤላ ውስጥ ክረምቱ ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ በእግሩ የሚሄድ ሰውም ያውቀዋል። ጥቁሩ አፈር ጫማ ያወልቃል። በእጁ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ክንዱን ይይዛል። የተጠየቀው ዊልቸር ከፊት አንድ ትልቅ ጎማ ያለው፣ በእጅ የሚዘወር፣ እንዲህ ያለ መሬት ላይ የሚሄድ ዓይነት ነው።

ከሁሉም በላይ የቸኮለችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። የስፌት መኪናዋ ገበያ ውስጥ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ከቤቷ እስከዚያ በየቀኑ የሚወስዳት ባሏ ነው፤ ጠዋት አዝሎ ያደርሳታል፣ ማታ አዝሎ ይመልሳታል። መንገድ ላይ ሲጨቃጨቁ ከሩቅ ይሰማሉ። "ፍጠን፣ ደንበኛ ይጠብቀኛል" ትለዋለች። "ትናንት ዓሣውን ማን ጨረሰው? ከብደሻል" ይላታል። ሰው ቆሞ ይስቅባቸዋል፣ እነሱም ይስቃሉ።

ታዲያ ባሏ ከከተማችን ርቃ ባለችው ፑኝዶ ውስጥ የመጋዘን ጥበቃ ሥራ አገኘ። ብዙ ጊዜ ከፈለገ በኋላ ያገኘው የመጀመሪያው ቋሚ ሥራ ነው። ሰኞ ካልጀመረ ለሌላ ይሰጣል። እሱ ከሄደ ደግሞ የሚያዝላት የለም። የሱቁ ባለቤት አስቀድሞ ተናግሯል፤ አንድ ሳምንት ከጠፋች በረንዳው ለሌላ ሰፊ ይሰጣል። ዊልቸሩ የሚመጣበት መኪና ሌላ ዕቃ ይዞ ወደ ፑኝዶ እንደሚያልፍ ስንሰማ አባባ ራሳቸው ሾፌሩ ጋ ደውለው ለባልየው ቦታ ለመኑለት። ነገሩ እንዲህ ተያይዞ ነበር፤ መኪናው ወንበሯን አውርዶ ባሏን ይጭናል። ፍራሹን ትከሻው ላይ አድርጎ የቆመው ለዚህ ነው።

ልኩን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ በልብስ ሰፊዋ ሜትር። የዳሌ ስፋት፣ የጭን ርዝመት፣ ከጉልበት እስከ ተረከዝ፣ የክንድ ርዝመት። እስከ ግማሽ ሳንቲሜትር ድረስ ጻፍኩ። የልብስ ሰፊዋ ዳሌ ሠላሳ ሦስት ተኩል ነው፤ ሁለት ጊዜ ለካሁት። እሷ ደግሞ ሜትሩን እንደ ልብስ ሰፊ ስላልያዝኩ ስትስቅብኝ ነበር። "አጥብቀህ አትያዘው፣ ቀሚስ ነው እንዴ የምትሰፋልኝ?" አለችኝ።

ከአባባ እንድጀምር ሁሉም ፈልጎ ነበር። አባባ እምቢ አሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ግብዣ ሲኖር ሽማግሌዎቹ ሳህን የሚያነሱት ሕዝቡ በሙሉ ካነሳ በኋላ ነው። እሳቸውም ሽማግሌ ናቸው። "ሁሉንም ጻፍ፣ እኔን መጨረሻ ላይ ጻፈኝ። መጀመሪያ ከጻፍከኝ ሰው ምን ይላል?" አሉኝ። አሥራ ዘጠነኛ አድርጌ ጻፍኳቸው። ዳሌ፣ አርባ ስድስት።

ከዚያ ቢሮው የኮምፒውተር ክፍል ሄጄ አንድ በአንድ አስገባሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ቅጽ ይከፈታል፣ ከላይ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። በሥልጠናው ላይ "ለእያንዳንዱ ሰው ስልኩ ይሞላ" ተብለናል፤ ቃል በቃል ደብተሬ ላይ አለ። እኔም ሞላሁ። ለሁሉም የማማን ስልክ።

ይህ ለሌላ አገር ሰው የሚገርም ከሆነ ላስረዳ። ከአባላቱ ስልክ ያለው ጥቂት ነው፤ ያለውም ዛሬ ባትሪው የለም፣ ነገ ሲሙ ተቀይሯል፣ ከነገ ወዲያ ስልኩ ጀዊ ያለች እህቱ ጋ ነው። የማማ ስልክ ግን ሁልጊዜ ይሠራል። ጤና ጣቢያ "ስልክህን" ሲሉት ሰው ሁሉ የማማን ቁጥር በቃሉ ይናገራል። ደቡብ ሱዳን ያለ ዘመድ የሚደውለው እሷ ጋ ነው። ስልኩ ይጮኻል፣ ማማ ትሰማለች፣ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ታገኝና "ለእገሌ ንገረው፣ ወንድሙ ደውሏል" ትላለች። መልእክቱ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ አንዱን አባል "ስልክ አለህ?" ብትለው "አለኝ" ብሎ የማማን ቁጥር ይነግርሃል፣ አልዋሸምም። እኔ ራሴ ዘመዶቼ የሚያገኙኝ በዚያ ቁጥር ነበር። ስሞላው እጄ አላመነታም።

አንዱን ሰው በጨረስኩ ቁጥር አረንጓዴ ምልክት ይመጣል። ምልክቱን እያየሁ ደብተሬ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ አሥራ ዘጠኝ ምልክት። ዝርዝሩን በአንድ ላይ ለማየት ስሞክር ኔትወርኩ ስለደከመ ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያው ክብ ብቻ ይዞር ነበር። ጥቂት ጠበቅኩ፣ ተውኩት። ምልክቶቹን ቆጥሬአለሁ እኮ።

መኪናው ሲገባ አግዳሚው ላይ ያሉት እልል አሉ። ትልቅ ነው፣ ሸራው እስከ ላይ ተወጥሯል። ፓስተሩ አጠር ያለ ጸሎት አደረገ፤ አጠር ያለ የምለው ከሌላ ጊዜው አንጻር ነው። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጸሎቱ አለቀ ብሎ መልሶ ሲያጠልቅ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ከአሜን በኋላ ረዳቱ ላይ ወጣ፣ ሸራውን ፈታ፣ ካርቶኖችና ጆንያዎች እየገፋ ወደ ውስጥ ገባ። ባለሙያዋ ካሜራዋን አነሳች።

አንድ ዊልቸር ወረደ። አዲስ ነው፣ ሰማያዊ፣ ጎማዎቹ ላይ ላስቲኩ ገና አልተላጠም። ሴቶቹ እንደገና እልል አሉ። ረዳቱ ዘሎ ወረደ፣ እጆቹን በሱሪው ጠረገ፣ ሸራውን መልሶ ማሰር ጀመረ።

"ቆይ እንጂ፣ ቀሪውስ?" አለው የልብስ ሰፊዋ ባል።

"የምን ቀሪ?"

"ዊልቸሩ ነዋ!"

"እሱ የፑኝዶ ዕቃ ነው። ዴስክና ካርቶን ነው።"

ሾፌሩ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። የማኅበራችን ስም በትክክል ተጽፏል። ብዛት በሚለው ሥር አንድ ይላል። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው።

 እልልታው ከየአፉ እንደ ተቆረጠ ቀረ። አግዳሚው ላይ ካሉት አንዷ እጇ ከአፏ ፊት እንደተነሳ ነበር።  ለመቁጠር ሞከርኩ፣ የሚቆጠር ነገር የለም፤ አንድ ነው።

ከዚያ ሰሌን ላይ ከተቀመጡት አንዱ፣ ማየት የሚችለው ሁሉ ማየት የጀመረውን ነገር ጮክ ብሎ አነበበ። ከወንበሩ ጀርባ ትንሽ ብረት ተለጥፏል፣ ላዩ ላይ የሰው ስም አለ። የአባባ ስም ነው።

"አባባ" አለ ሰውየው፣ "ለካ አንተ ራስህን ብቻ ነው ያስመዘገብከው?"

"እኔ?" አሉ አባባ።

"እኛ ጸሎት ላይ ነበርን፣ አንተ ሥራ ላይ!"

አንዳንዱ ሳቀ፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። ማማ "አፍህን ያዝ፣ አባትህ ናቸው" አለችው። እሱ ግን ወንበሩን በእጁ አሳያት፤ ስሙ እዚያ ነው። አባባ የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ ሲነካኩ አየሁ። ነጩ ሸሚዝ ለዚያ ቀን የለበሱት ነው፤ አሁን ግን የሚመጣለትን አስቀድሞ ያወቀ ሰው የለበሰው መሰለ። ወደ እኔ ተመለከቱ። "ይሄ ልጅ አይሳሳትም" ያሉት ሰው ናቸው። እኔ ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ቀና ብላ አየችው። "ፍራሹን አውርደው" አለችው።

"አላወርድም።"

"ማን ሊያዝለኝ ነው? ፓስተሩ?"

ፓስተሩ የሚስቅ መስሎ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ባልየው ፍራሹን አወረደ።

ሾፌሩ ሰማዩን አየ። ከወንዙ ማዶ ደመና እየተነሳ ነበር። "እኔ ዝናብ ሳይጥል መንገዱን ማለፍ አለብኝ። አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ። የሚሄድ ካለ ይሄዳል" አለ።

ባለሙያዋ ካሜራዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። "ና፣ ቢሮ እንየው። እዚህ ዳታው አይሠራም" አለችኝ። ባጃጅ ያዝን።  ድልድዩ ላይ ስንደርስ "ስንት ሰው ነው ያስገባኸው?" አለች። "አሥራ ዘጠኝ" አልኳት፣ ደብተሩን ገልጬ ምልክቶቹን አሳየኋት። ጣቷን እያስኬደች ቆጠረቻቸው። አሥራ ዘጠኝ ናቸው።

ቢሮው መብራት አልነበረም፤ ላፕቶፗ ግን ባትሪ አለው። ገጹ ቀስ እያለ ተከፈተ። ዝርዝሩ ሲመጣ አንድ መስመር ብቻ ነበር። የአባባ ስም፣ ዳሌ አርባ ስድስት፣ የማማ ስልክ። ከሥሩ ነጭ ነው። ወደ ታች ገፋች፣ ነጭ ነው።

"የማን ስልክ ነው ይሄ?"

"የሁላችንም።"

"የሁላችንም ማለት?"

ነገርኳት። እየሰማች እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። እሷም የደነገጠች መሆኗ ያስታውቃል።

"ሲስተሙ እኮ ሰውን የሚያውቀው በስልኩ ነው" አለች። "መጀመሪያ አንዱን መዘገብክ። ሁለተኛውን በዚያው ስልክ ስታስገባ፣ ያው ሰው መረጃውን ያስተካከለ መሰለው። የመጀመሪያውን አጥፍቶ በእሱ ቦታ ሁለተኛውን አስቀመጠ። ከዚያ ሦስተኛውን። አሥራ ስምንት ጊዜ።"

"አረንጓዴ ምልክት ግን ሰጠኝ።"

"ይሰጣል። ማስተካከሉም ተሳክቷል እኮ።"

ደብተሬ ላይ ያሉትን ምልክቶች አየሁ። አሥራ ስምንቱ አንዱን ሰው በሌላው እያጠፋሁ ያደረግኳቸው ናቸው። ልብስ ሰፊዋ አራተኛ ነበረች። አምስተኛውን ሰው ያስገባሁ ጊዜ ጠፍታለች፤ እኔ በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ምልክት አድርጌአለሁ። ቆሜ ነበር፣ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።  አሁንም ድረስ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ አንድም ቁጥር አልተሳሳትኩም። ልኩ ሁሉ ልክ ነው። የሰጠሁትም ስልክ እውነተኛ ነው።

"ይመለሳል?" አልኳት።

"የጠፋው አይመለስም። እንደገና ይመዘገባሉ፣ ጥያቄው ለሚቀጥለው ዙር ይሄዳል። ወራት ነው።" ላፕቶፗን እየዘጋች "እኔም ሥልጠናው ላይ 'ስልኩ ይሞላ' ብቻ ነው ያልኩት። አንድ ስልክ ለአንድ ሰው ብዬ አልተናገርኩም። አልመጣልኝም" አለች። ይህን ለማንም መናገር አልነበረባትም። ነገረችኝ።

ስንመለስ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። አባባ ከነበሩበት አልተነቃነቁም፣ ግን በዙሪያቸው የነበረው ሰው ራቅ ብሏል። ወንበሩ ግቢው መሃል ብቻውን ቆሟል፣ ማንም አልነካውም።

ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን የሠራሁትን በቅደም ተከተል ተናገርኩ፤ ስልኩን፣ አንዱ ሌላውን ማጥፋቱን፣ አረንጓዴውን ምልክት። ፓስተሩ ለሚፈልጉት በቋንቋቸው እየተረጎመ ነበር፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ጥፋቴን ሁለት ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ማማ ስልኳን ከጡቷ መሃል አውጥታ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው፤ እባብ እንዳገኘች ዓይነት።

"ታዲያ እኔ ለምን ቀረሁ?" አሉ አባባ።

"መጨረሻ ስለተጻፉ ነው። የመጨረሻውን የሚያጠፋ አልመጣም።"

አባባ ከዚያ ያን የተናገራቸውን ሰውዬ ፈልገው አዩት። "ሰማህ? መጨረሻ ልሁን ያልኩት ሰው እንዳያማኝ ነው" አሉ። ሰውየው መሬት መሬት አየ። አባባ እንዳይስቁ ትንሽ ታገሉ፣ አልቻሉም፣ ሳቁ። የሳቁት ከደስታ አይመስለኝም። ሌላው ግን ሲስቁ አይቶ መተንፈስ ጀመረ።

"ወንበሩ የእሷ ነው" አሉ ወደ ልብስ ሰፊዋ እያሳዩ።

"ስምዎ አለበት" አለች እሷ።

"ስም ይነቀላል።"

"ልኩም የእርስዎ ነው። እኔ እዚያ ውስጥ እጠፋለሁ።"

"ልብስ ሰፊ ነሽ አይደለሽም? አጥብቢው።"

ባሏ አነሳትና ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። እውነትም ጠፋች፤ በሁለቱም ጎን መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ግራውን ለካች፣ ቀኙን ለካች፣ ወደ እኔ ዞረች። "ስድስት ከሩብ፣ ስድስት ከሩብ። ጻፈው" አለችኝ። ጻፍኩ። የሁሉንም ሰው ወንበር ያጠፋሁ ሰው እንድጽፍ ታዘዝኩ። 

ባልየው የወረደውን ፍራሽ ሄዶ ወሰደ። ከኪሱ ቢላዋ አወጣ። ፍራሹን ዘርግቶ ቀደደው፣ ከጥጉ ሁለት ወፍራም ቁራጭ ስፖንጅ ወጣ። በሁለቱ ጎን ገፍቶ አስገባቸው። "ፑኝዶ ላይ በምን ልትተኛ ነው?" አለችው። "በቀረው" አላት።

ሾፌሩ ክላክስ ነፋ። እሷ እጀታውን ያዘች፣ አንድ ጊዜ አዞረችው፣ ወንበሩ ተነቃነቀ። ከግቢው በር ውጭ የመኪናው ጎማ ያቦካው ጭቃ ነበር። ሁላችንም እዚያ ትቆማለች ብለን ጠበቅን። የፊት ጎማው ገባ፣ ክንዷ ተወጠረ፣ ወጣ። መንገዱ ላይ ሆነች። ባሏ ሊይዛት ከኋላዋ እየሮጠ ነበር። ዞር አለችበት።

"ስንት ዓመት ጀርባህ ላይ ነበርኩ። አሁን አንተ ከጀርባዬ ውረድ። መኪናህ እየሄደ ነው!"

ሮጦ ተሳፈረ። ፍራሹን ረዳቱ ከላይ ተቀበለው። መኪናው ሲያልፋት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሆነ ነገር ተናገረ፣ በሞተሩ ድምፅ አልተሰማም። እሷ ግን ሳቀች፤ ወደ ገበያው መዘወሯን ቀጠለች። በረንዳውን እስከ ዛሬ አልለቀቀችም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። እንደገና መዘገብኳቸው። አንዱ በአስተማሪ ጎረቤቱ ስልክ፣ አንዷ በቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ስልክ፣ ሌላው በዘመድ፤ ለእያንዳንዱ የሌላ የሌላ ሰው ቁጥር ፈለግን። አንድ ሽማግሌ በነገሩ ተበሳጭቶ "የማማ ስልክ ውሸት ሆኖ የዚህ የማላውቀው ሰው ስልክ እውነት ሆነ?" ብሎኝ ነበር። ቁጥሩን ጻፍኩ። አባባ ስንተኛ ይጻፉ በሚለው ላይ ሌላ ክርክር ተነሳ፤ ሰዉ መጀመሪያ ይሁኑ አለ፣ እሳቸው መጨረሻ አሉ። በመጨረሻ "መሃል ላይ አድርገኝ፣ ከሁለቱም ወገን ጠላት እንዳይመጣ" አሉኝ። ዝርዝሩም እስኪከፈት ድረስ ቢሮው ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ ባለሙያዋ ምሳዋን ትታ አብራኝ ጠበቀች። አሥራ ስምንት መስመር ሲመጣ ሁለታችንም ጮክ ብለን ቆጠርን። ወንበሮቹ ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ ሁሉም አልመጡም። ካልመጡት አንዱ የአባባ ነው። ዛሬም ጣውላው ላይ ናቸው።

አረንጓዴ ምልክት ሳይ አሁን ዝርዝሩን ከፍቼ እቆጥራለሁ። ሰዎች ወደተሰበሰቡበት ስሄድ ማን የት እንደተቀመጠ የምጽፈው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። የዚያን ቀን ግን አልጻፍኩም፤ ይህን ሁሉ ያስቀመጥኩት ከራሴ ትዝታ ነው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ እለምናችኋለሁ፤ የተሳሳትኩትን አርሙኝ፣ የረሳሁትን ጨምሩልኝ። ሾፌሩ ስንት ጊዜ ክላክስ ነፋ? ባልየው በመስኮት ምን ብሎ ነው የጮኸው? አባባን የተናገርከው ሰው፣ ያልኩት ቃል ያንተ ካልሆነ ንገረኝ፣ አስተካክለዋለሁ።

አሥራ ሰባተኛዋ ደግሞ፣ ማን እንደሆንሽ አውቃለሁ። ልክሽ ደብተሬ ላይ አለ፤ ዳሌ ሠላሳ ስምንት፣ ክንድ ሃምሳ አራት ተኩል። ሰዎች ነበረች ይላሉ፣ አንቺም ነበርኩ ብለሻል አሉኝ። እኔ ግን ግቢውን በዓይነ ሕሊናዬ ከጥግ እስከ ጥግ ስዞረው አላገኝሽም። አንድ ጊዜ ከሲስተሙ አጥፍቼሻለሁ፤ ከዚህ ጽሑፍም እንድትጠፊ አልፈልግም። እባክሽ ንገሪኝ፣ የት ነበር የተቀመጥሽው?